«ለሰውነትህ ሦስት ወር ስጠው» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለውን አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ካንሰር የአኗኗር በሽታ ስለሆነ መድኃኒቱም አኗኗር ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ገንዘብ የፈሰሰበት የሕክምና ምርምር የረባ ነገር አላመጣም፤ አያቶቻችን ካንሰርን አያውቁትም ነበር፤ ኬሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድለው መድኃኒት) ከበሽታው ይልቅ ይገድላል፤ ዕጢ ቢላ ሲነካው ይበተናል። በመጨረሻም ጸሐፊው ይመክራሉ፦ ካንሰር የተገኘበት ሰው ወደ ሆስፒታል ከመሮጡ በፊት «ለሰውነቱ ሦስት ወር ይስጠው»፤ ስኳርና ሥጋ ያቁም፣ ይጹም፣ የሽፈራው ቅጠልና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይውሰድ።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። እኔ ግን የካንሰር ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል በነርስነት የምሠራ ሰው ነኝ። ይህን ምክር የተከተሉ ሰዎች ዞረው የሚመጡት እኛ ዘንድ ነው። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ትንባሆ፣ አልኮል፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና እንቅስቃሴ ማጣት ለካንሰር ያጋልጣሉ። ይህን የሚክድ የካንሰር ሐኪም አላጋጠመኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ካንሰር መከላከል እንደሚቻል ይናገራል። ጸሐፊው «ዘጠና በመቶው» ያሉት ከየት እንደመጣ አልገለጹም። ከ30 እስከ 50 የሚለው ቁጥር ራሱ ክትባትንና የኢንፌክሽን መከላከልን ጨምሮ የተሰላ እንጂ በአመጋገብ ብቻ የሚገኝ አይደለም።

የጽሑፋቸው ትልቁ ስሕተት ግን ጤናማ አኗኗርንና የሕክምና ምርምርን ባላንጣ አድርገው ማቆማቸው ነው። ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በምን አወቅን? እንግሊዛውያኑ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማንን አንድ በአንድ አስጠይቀው ውጤቱን በ1950 ስላሳተሙ ነው። ዶል ጥናቱን ሲጀምር የጠረጠረው ሲጋራን ሳይሆን አዲስ የሚነጠፈውን የመንገድ ሬንጅ ነበር። መረጃው ወደ ሲጋራው ሲያመለክት እሱም ማጨሱን አቆመ። ዛሬ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስ የተከለከለው፣ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የወጣው እንዲህ ያለ ምርምር ስለቀደመ ነው።

ጸሐፊው ስለ እንቅስቃሴ ያነሱትም ቢሆን ጠንካራ ማስረጃ ያገኘው በቅርቡ፣ በ2025 ነው። በአብዛኛው በካናዳና በአውስትራሊያ በተካሄደ ጥናት 889 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ስለ ጤናማ አኗኗር የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ ክትትል የአካል እንቅስቃሴ ሠሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ እንቅስቃሴ ከሠሩት ከመቶው 90 ያህሉ በሕይወት ነበሩ፤ ከሌሎቹ ደግሞ 83 ያህሉ። ውጤቱ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ እኔም ለሕሙማን ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በሙሉ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውና ኬሞአቸውን የጨረሱ ናቸው። እንቅስቃሴው የመጣው በሕክምናው ላይ ተጨምሮ ነው። ጸሐፊው ይህን ውጤት ሲጠቅሱ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም አላነሱም።

ጤናማ የሚመስል ነገር ሁሉ ሳይፈተን እንደማይታመን የሚያሳይም አለ። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች ሳንባ ካንሰር ስለሚያንስባቸው፣ በካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ይሆናል የሚጠብቃቸው ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡ ለማንም የሚጥም ነበር። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ በክኒን መልክ ተፈተነ። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ ሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ካሮቱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ከማዕድ የተነጠለውን ንጥረ ነገር በብዛት መዋጥ ላይ ነበር። ያ ጥናት ባይደረግ ኖሮ ዛሬ ለአጫሾች ሁሉ በቅን ልቦና እያደልነው ነበር።

«አያቶቻችን ካንሰርን አያውቁትም ነበር» የሚለው ብዙ ሰው የሚወደው አባባል ስለሆነ ቆም ልበልበት። ካንሰር በዋናነት ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ በሽታ ነው። በ1960ዎቹ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት ገደማ ነበር። ብዙው ሰው በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወሊድና በተስቦ ካንሰር ወደሚበዛበት ዕድሜ ሳይደርስ ያልፍ ነበር። የደረሰውም ቢሆን ማን መርምሮት? «ሆዷን አሟት ሞተች» ተብሎ ተቀበረች። በጥንታዊት ግብፅ ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈ የሕክምና ፓፒረስ ላይ የጡት ዕጢ ተገልጿል፤ ሕክምና የለውም ተብሎ።

የአያቶቻችን ወጥ ቤትም እንደሚባለው ንጹሕ አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። እርጥበት ይዞት በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ከሚታወቁት የጉበት ካንሰር መንሥኤዎችም ዋነኛ አንዱ ነው። ፋብሪካ አልሠራውም፤ ከተፈጥሮ የመጣ ነው። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰበ የላም ወተት ሲመረመር በአብዛኛው ናሙና ውስጥ ይኸው መርዝ ከአውሮፓ የተፈቀደ መጠን በላይ ተገኝቷል፤ ከብቶቹ የበሉት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ዋና ምንጩ ሆኖ ተለይቷል። በማገዶ ጭስ የታፈነች ጎጆ ውስጥ ዕድሜዋን የጨረሰች እናት ሳንባም አለ። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ የአገራችን ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 አስታውቋል። ወደ ቀድሞው ማዕድ እንመለስ ከተባለ ሻጋታውን ለይቶ መጣል፣ ጭሱን ማስወጣትና ትኩሱን ማብረድም አብሮ ይነገር።

ቀጥሎ ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች ለምስክርነት ቀርበዋል። ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ «ካንሰር የሚመጣው ከስኳርና ከአሲድ መሆኑን አረጋግጦ ኖቤል ተሸለመ» ተብሏል። ዋርበርግ በ1931 የተሸለመው ሴሎች ኦክስጅንን የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም ምንነትና አሠራር በማግኘቱ ነው። የካንሰር ሴሎች ስኳር በብዛት እንደሚጠቀሙ ያስተዋለው ግን እውነትም እሱ ነው፤ ዛሬ ካንሰር የት እንደተሠራጨ በሚያሳየው የፔት ስካን ምርመራም ጠቅሞናል። ይሁንና ስኳር መብላት ሲቆም ካንሰሩ አይራብም። ጉበት የደሙን ስኳር ከራሱ ክምችት፣ ሲብስም ከጡንቻ አፍርሶ ይሞላዋል፤ የሚከሳው ታማሚው ነው። የደም አሲድነትም ሎሚ ወይም ሶዳ ስለጠጣን አይለወጥም፤ ሳንባና ኩላሊት ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው መጠን ይጠብቁታል፤ የሚለወጠው ሽንታችን ነው።

ሁለተኛው ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ናቸው። «ጾም ካንሰርን እንደሚፈውስ አረጋግጠው በ2016 ኖቤል ተሸለሙ» የሚለው ወሬ በእኛ ዘንድ በጣም ተሠራጭቷል፤ ምክንያቱም ጾም የሕይወታችን ክፍል ነው። ኦሱሚ የተሸለሙት ሴል የራሱን አሮጌ ክፍል እንዴት አፍርሶ መልሶ እንደሚጠቀም በማሳየታቸው ነው። ሥራቸውን የሠሩት በእርሾ ላይ ነው፤ ካንሰር የታመመ ሰው አልነበረበትም። ይህ ራስን የማደስ ሂደት በጤነኛ ሴል ላይ ሊጠብቀን ቢችልም፣ አንዴ የተመሠረተ ዕጢ ደግሞ ኬሞን ተቋቁሞ ለመቆየት ሲጠቀምበት ይታያል፤ ስለዚህም ሂደቱን የሚገቱ መድኃኒቶች በሕሙማን ላይ ሲሞከሩ ቆይተዋል።

እኔ ጾሜን እጾማለሁ፤ ስለ ጾም መንፈሳዊ ዋጋ አልከራከርም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ታቀልላለች፤ እስልምናም በሽተኛውን በረመዳን ከመጾም ነፃ ያደርገዋል። በእኛ ክፍል እያንዳንዱ የኬሞ ዙር ከመሰጠቱ በፊት ታማሚው ይመዘናል፣ ደሙም ይታያል። መጠኑ የሚሰላው በክብደትና በቁመት ነው። ነጭ የደም ሴሉ ከወረደ ዙሩ ይተላለፋል። ሰው በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ስምንት ኪሎ ቀንሶ ሲመጣ፣ ጠጋ ብለን ስንጠይቀው «ካንሰሩን እያስራብኩት ነው» ይለናል። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት፣ ያገኘውን እንዲበላ እንለምነዋለን።

«ምርምሩ ምን አመጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ነው። ጸሐፊው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 የፈረሙትን የካንሰር ምርምር ሕግ ጠቅሰው ገንዘቡ ውኃ በላው ይላሉ። በዚያችው አሜሪካ በካንሰር የመሞት መጠን ከ1991 ወዲህ በሲሶ ቀንሷል፤ ያስቀነሰውም የማጨስ መቀነስ፣ በጊዜ መርምሮ ማግኘትና የተሻለ ሕክምና በአንድ ላይ ሆነው ነው። በ1940ዎቹ የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበር። ሲድኒ ፋርበር በቦስተን በ1948 በሽታውን በመድኃኒት ለጊዜው መመለስ እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ ባደጉት አገሮች በሕፃናት ላይ በብዛት ከሚታየው የደም ካንሰር ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉ ይድናሉ። ጸሐፊውን የምጠይቃቸውም እዚህ ላይ ነው፦ የአራት ዓመት ሕፃን አኗኗሩ ምን ነበር? የዓይን ካንሰር ይዞት በብሌኑ ላይ ነጭ ነገር የታየበት፣ ገና ጡት ያልተወ ሕፃንስ ምን በልቶ ነው? እነዚህን ልጆች ጽሑፋቸው ፈጽሞ አያነሣቸውም።

የማሕፀን ጫፍ ካንሰርንም አያነሣም፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ግን እሱ ነው። መንሥኤው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ሃራልድ ሱር ሃውዘን ደርሶበት በ2008 ኖቤል ተሸልሟል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል፤ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ በአንድ ባል ተወስና የኖረችንም ሴት ሊይዛት ይችላል። ንጹሕ ሕይወት የኖረች፣ ጾሟን ያላጎደለች እናት «ጥፋቴ ምን ነበር?» እያለች ስታለቅስ አይቻለሁ። በሽታ ሁሉ የአኗኗር ውጤት ነው የሚለው ትምህርት ለእሷ የሚሰጣት ኀፍረት ብቻ ነው።

ክትባቱ በ2006 ተፈቀደ። በስዊድን ወደ 1.7 ሚሊዮን ሴቶችን የተከታተለ፣ በ2020 የታተመ ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ በሽታው በ88 በመቶ ቀንሶ አገኘው። በኢትዮጵያም ክትባቱ በ2018 በ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። ዕድሜያቸው ላለፈ ሴቶች ደግሞ በጤና ጣቢያ የሚሠራው ምርመራ አለ። አዋላጇ የማሕፀኑን ጫፍ የተበረዘ ኮምጣጤ አሲድ ትቀባለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለው ክፍል ነጭ ሆኖ ይታያል። ከታየም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በሙቀት ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ሴትየዋም በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በካንሰር ምርምር ከተገኙት ነገሮች ሁሉ እኔ በግሌ የምወደው ይህን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለገጠርም ይደርሳል።

«ኩባንያዎች ዕፅዋትን ይደብቃሉ» ለተባለው አጭር መልስ ይበቃል። ለሕፃናቱ የደም ካንሰር የምንሰጠው ቪንክሪስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው። ለጡት ካንሰር የምንሰጠው ፓክሊታክሰል ከዛፍ ቅርፊት ነው የመጣው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከ1960 እስከ 1982 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ከዕፅዋት የተነጠረ ናሙና ፈትሿል። የሠራው ተወስዷል፤ መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱ ተመዝግቦ። ሽፈራውም ጥሩ ቅጠል ነው፤ ለምግብነቱ ይበላ።

ኬሞ ከባድ መሆኑን እኔ ለማንም አላስተባብልም፤ ፀጉር ይመልጣል፣ ያስመልሳል፣ አፍ ይቆስላል፣ አንዳንዴም በኢንፌክሽን ሕይወት ያሳጣል። ጸሐፊው ግን ኬሞ ወስደው የሞቱትን ሲቆጥሩ ኬሞ ወስደው ልጆቻቸውን የዳሩትን አልቆጠሩም፤ የዳነ ሰው ወደ ሥራው ስለሚመለስ አይታይም። «ቢላ ሲነካው ይበተናል» የሚባለውም የመጣው ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ዘግይቶ፣ በሽታው አስቀድሞ ከተሠራጨ በኋላ ስለነበር ነው። ናሙና ሳይወሰድ ደግሞ ዕጢው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ማወቅ አይቻልም።

የመድኃኒት ዋጋን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እቆጣለሁ። በውጭ አገር ሕይወት የሚያረዝሙ አዳዲስ መድኃኒቶች ለእኛ ሕሙማን ሕልም ናቸው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬም ማዕከላት ጨምረው ሳለ ወረፋው ወራት ይወስዳል። ይህ ግን ሕክምናው እንዲደርሰን የሚያስጮኽ ነው።

አሁን ወደ ሦስት ወሩ። ዕድሜዋ በሠላሳዎቹ መጨረሻ የሆነ አንዲት እናት ከባለቤቷ ጋር መጣች። ባለቤቷ በያዘው ፌስታል ውስጥ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የደቀቀ ቅጠልና ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ አራት ተጣጥፎ የቆየ የአልትራሳውንድ ወረቀት። ወረቀቱ ከስምንት ወር በፊት የተጻፈ ነው፤ በግራ ጡቷ ላይ 1.8 ሴንቲ ሜትር እብጠት፣ «ናሙና ይወሰድ» ይላል። አንድ ዘመድ «መጀመሪያ ሰውነትሽን አጽጂ» ብሏት ሦስት ወር አለች፤ ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። ነጠላዋን ስትገልጥ ጡቷ ፈንድቶ ቁስል ሆኗል። በሰው መሐል መቀመጥ ካቆመች ሰንብታለች። ሜትሮኒዳዞል ክኒን ፈጭተን ቁስሉ ላይ ስንነሰንስ በጥቂት ቀን ውስጥ ሽታው ቀነሰ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችን። በሽታው ግን አጥንቷ ገብቶ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ከጡት ሳይወጣ የተገኘ የጡት ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ከመቶው 99 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ፤ ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨ ግን ሲሶ ያህሉ ብቻ። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ሕክምናን ትተው አማራጭ የሚባለውን ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን፣ ከታከሙ 560 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። የሞት ዕድላቸው በሁለት ተኩል እጥፍ በለጠ፤ በጡት ካንሰር ደግሞ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። አማራጩን የመረጡት በአብዛኛው የተማሩና የተሻለ ገቢ ያላቸው ነበሩ።

ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ስለ አትክልት፣ ስለ እርምጃ፣ ሲጋራና መጠጥ ስለመተው የጻፉት ይቆይ፤ እኔም አብሬአቸው እናገራለሁ። «ሦስት ወር» የምትለዋን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጧት፤ በምትኳም እብጠት ያገኘች ሴት በዚያው ሳምንት እንድትመረመር፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ የማሕፀን ጫፍ ምርመራ እንድትጠይቅ ይጻፉ። ጽሑፋቸውን አንብቦ ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ካለ ደግሞ ወደጀመረበት ክፍል ይመለስ። የወሰደውን ቅጠልና ዘይት ሁሉ ሳይደብቅ ይንገረን፤ ማንም አይቆጣውም። ካርዱ ቢጠፋበትም በስሙ ፈልገን እናወጣዋለን።